በአንድ ሽቦ ላይ የተሰቀለ ቋሊማ

ያልበላሁትን በላ ብለው ጻፉብኝ። በራሴ አንደበት እንዳመንሁ አድርገው ነው የጻፉት። ማንበብ ስለማልችል አውራ ጣቴን ቀለም አስነክተው አስፈረሙኝ፤ ከማኅበር አስወጡኝ፤ በሰፈሩም ቢላዋ እንዳልይዝ አደረጉኝ። በደሉ ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ የቋሊማ ነገር ነው።

ቢላዋ ስል የማረጃውን ነው። የዘወትር ሥራዬ ጣና ዳር ነበር፤ ጀልባ ያመጣውን እንጨት በትከሻዬ አወርዳለሁ። ለዚያ ሥራ ማንም ሰው አመስግኖኝ አያውቅም። በበዓል ቀን ግን እዚያው ከተማ ግሽ አባይ የሚባለው ሰፈራችን በሬ ገዝቶ ቅርጫ ሲካፈል አራጁም መዳቢውም እኔ ነበርሁ። ስምንት አሥር አባወራ አንድ በሬ ሲካፈል መደቡን እኩል የሚያደርግ እጅ ያስፈልጋል። በእኔ መደብ ዕጣ ወጥቶ "የእሱ በለጠ" ብሎ የተጣላ ሰው የለም። በዓመት አራት አምስት ቀን ሰው ሆኜ የምታየው በዚያ ነበር፤ እሱኑ ነው የወሰዱብኝ።

ከአጥራችን ማዶ ከሐረር የመጡ ሙስሊም ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ባልየው የፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ፣ ደመወዝተኛ ነው። ሚስትየዋ በዕድሜ ትበልጠኛለችና በአገራችን ወግ እርስዎ እያልሁ ሳናግራት ከት ብላ ሳቀች።

"አቦ፣ እኔ አንዲት ሴት ነኝ፤ ብዙ ሰው አታድርገኝ!"

ከዚያ ወዲያ እትዬም አንቺም አልኋት።

በ1970 የአረፋ በዓል ባለፈ በሁለተኛው ቀን በአጥሩ ላይ ስመለከት፣ በግቢዋ ውስጥ በሁለት እንጨት መካከል የተወጠረ ሽቦ አየሁ። በሽቦው ላይ ጥቁርና ቀይ የቀላቀለ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ክንድ ክንድ የሚያህል ነገር ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ እባብ መሰለኝ። ቀጥሎ ሥጋ መሆኑ ገባኝ፤ የምኑ ሥጋ እንደሆነ ግን አልገባኝም። እኔ በሬን ከቀንዱ እስከ ጭራው አውቃለሁ። ሳንባ አይደለም፣ ጣፊያ አይደለም፣ ቋንጣ እንዳልለው ድቡልቡል ነው። እንጨት ተሸክሜ እያለሁ እንኳ እሱን አስብ ነበር። የማላውቀው የበሬ ክፍል በዓለም ላይ አለ ማለት ነው? በሦስተኛው ቀን አላስችለኝ አለና አጥሩ ሥር ሄጄ ጠየቅኋት።

"እትዬ፣ ያ ሽቦው ላይ ያለው የበሬው ምኑ ነው?"

"ምኑም አይደል። ቋሊማ ነው። አታውቅም?"

"አላውቅም። ከየት በኩል ነው የሚቆረጠው?"

"በሬ አርዳለሁ ትላለህ፣ ቋሊማ አታውቅም! ምን አራጅ ነህ አንተ? አይቆረጥም፣ ይሠራል። አንጀቱን አጥበህ ሥጋ ትሞላበታለህ።"

"አንጀት ውስጥ?"

"ታዲያ ኮፍያ ውስጥ ልሙላው?"

ዱለት የሚወድ አገር በአንጀት አይደነግጥም። ይህ ግን ሌላ ነው። በሬው ሣሩን ያሳለፈበትን ቤት አጥቦ በሬውን ራሱን መልሶ እዚያ ማስገባት! ማን አሰበው? ምን ቢቸግረው ነው ያሰበው? እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

"ቅመስ አልልህም፤ ታውቃለህ" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኋት። እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፤ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም። በሠርግም በለቅሶም ድስቱ ሁለት ነው። ተዋደን የምንኖረው በዚሁ ነው፤ ማንም በዚህ አይከፋም።

መቅመስ ባይቻልም መስማት ይቻላል። አጥሩን ተደግፋ አሠራሩን ነገረችኝ፤ እኔም መጻፍ ስለማልችል በልቤ ያዝሁት።

ለገና በሬው ሲበለት "ቀጭኑን አንጀት ለእኔ ተዉልኝ" አልሁ።

"ለውሻህ ነው?" አለ አንዱ።

"ለራሴ።"

"ጎሽ! ከጮማ ወደ አንጀት አደግህ" ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ።

አንጀቱን በባልዲ ይዤ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድሁ። ከዳር የቆረጥሁትን ቀጭን መቃ በአንደኛው ጫፍ አስገብቼ እንደ ካልሲ ገለበጥሁት፤ በቢላዋ ጀርባ ቀስ እያልሁ ፋቅሁት። ሲፋቅ ለካ ከሥሩ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሌላ አንጀት አለ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስንቱን በሬ አርጄ ይህን አይቼው አላውቅም። በጨው፣ በሎሚ፣ ደግሞ በጨው አጠብሁት። ቀዳዳ እንዳለው ለማየት በአፌ ነፋሁት። አጠገቤ ልብስ የምታጥብ ሴት ቀና ብላ አየችኝና "አያ፣ በጤናህ ነው?" አለች። እንደ ፊኛ ተነፍቶ አየሩን ሲይዝ ሳይ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ልደብቀው አልችልም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ ድስቴን እንዳትነካ" አለች። አልነካሁም። ፍርምባውን ከነጮማው በሁለት ቢላዋ ከተፍሁት፤ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ቀረፋ፣ በሶብላ፣ ጨው ጨመርሁ። መሙያ የለኝም። የበሬውን ቀንድ ጫፉን በመጋዝ ቆርጬ፣ ቀቅዬ አጽድቼ፣ አንጀቱን በቀጭኑ በኩል አልብሼ በሰፊው በኩል ሥጋውን በጣቴ ገፋሁት። ገፋሁ፣ ገፋሁ፤ ጠብቆ ሲያምርብኝ ጭራሽ ገፋሁ። ሁለት ቋሊማ ፈነዳብኝ። የተረፈውን ከጣራው ክፈፍ ሥር ሰቀልሁት። በአራተኛው ቀን አተላ አተላ መሽተት ጀመረ፤ ስነካው እጄ ላይ ያሟልጫል። አውርጄ ለውሻው ጣልሁለት። ውሻው አሸተተና ቀና ብሎ አየኝ።

አጥሩ ሥር ሄጄ ለሴትዮዋ ነገርኋት። እንደ ሐኪም ጠየቀችኝ።

"ስታሽ ሥጋው ይሞቅ ነበር ይቀዘቅዝ?"

"ቀን ነው የሠራሁት፤ ይሞቃል።"

"አንድ ጥፋት። ጮማው ቀልጦብሃል፤ በማለዳ ሥራው። ስትሞላውስ?"

"አጥብቄ።"

"ሁለት። በእሾህ ወጋ ወጋ አድርገህ አየሩን አስወጥተሃል?"

"እሾህ አልነገርሽኝም።"

"አልነገርሁህም? እሱ የእኔ ጥፋት ነው። የት ሰቀልኸው?"

"ክፈፍ ሥር፤ ነፋስ አለ።"

"ይሄ ነፋስ ነው? የሐረር ነፋስ ደረቅ ነው፤ በቀን በቀን ያደርቅልሃል። በናንተ ባሕር ግን ነፋሱንም ያልበዋል። እኔም እንደመጣሁ ሁለቴ ጥዬአለሁ፤ እያለቀስሁ ነው የጣልሁት። ጢስ ነው መድኃኒቱ።" ከኩሽናዋ ጀርባ የቆመ፣ አፉም ቂጡም የተቆረጠ በርሜል አሳየችኝ። ከሥሩ የወይራ ፍልጥ ይጤሳል፤ ከላይ ዘንግ ተጋድሞበት ቋሊማው ይንጠለጠላል፤ ጢሱ ከጠገበ በኋላ ወደ ሽቦው ይሄዳል። "የናንተ በዓል መች ነው? ጥምቀት? ያኔ ሥራና አምጣ፤ ከእኔው ጋር ይጢስልህ። የእኔን በቀይ ክር አስራለሁ፣ አንተ በጥቁር እሰር። እንዳይምታታ።"

ባልየው ከውስጥ ሆኖ "እንኳን በክሩ፣ በአስተሳሰሩም ይለያል! የሱ እንደ እንጨት ሸክም ነው የታሰረው" ሲል ሰማሁት።

ለጥምቀት በገዛ እጄ በስመ አብ ብዬ ያረድሁትን በማለዳ ሠራሁ፤ አላጨናነቅሁም፤ በቀጋ እሾህ ወጋሁ። ሁለት ቀን ጤሰ፣ ከዚያ በሽቦው ላይ የሷ በግራ፣ የእኔ በቀኝ ተሰቀለ። በሳምንቱ አንዱን አውርጄ ቤቴ ጠበስሁት። መጀመሪያ ቆዳው ተንጣጣ፤ ከዚያ ራሱ ባወጣው ጮማ ተጠበሰ፤ ዘይት አልፈለገም፣ ቅቤ አልፈለገም። ባለቤቴ ድስቷን ረስታ መጥታ ቆመች። "ስጠኝማ" አለች። ቀመሰችና እንደገና ቆረሰች።

ሴትዮዋ ጓጉታ አጥሩ ሥር ትጠብቀኝ ነበር። የእኔን መቅመስ አትችልም፣ እኔም የሷን።

"አፍህ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ምንድን ነው?"

"ቁንዶ በርበሬው።"

"ደህና። ከዚያስ?"

"ጢሱ።"

"ኮረሪማውስ?"

አሰብሁ። "የለም።"

"ተቀድሟል ማለት ነው። ቁንዶውን ቀንስ። የኔ ላይ ኮረሪማው ሁሉም ከሄደ በኋላ ጉሮሮ ሥር ብቻውን ይቆያል።"

ይህን ስትለኝ አምሮኝ ነበር፤ አልዋሽም። ብቻውን የሚቆይ ኮረሪማ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ጓጓሁ። ግን አልቀመስሁም። ጥቁር ክሬን ቆጥሬ አውርጄ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሳወርድ የማኅበራችን ሙሴ ሚስት በበሩ በኩል ስታልፍ አየችኝ። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን አለቃ ነው።

ጥር 21 የማርያም ማኅበራችን ተሰበሰበ። ቄሱ መምሬ ለፍታት ሄደው አልነበሩም። ሙሴው ገና የማኅበሩ ዳቦ፣ ጻዲቁ፣ ሳይቆረስ ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ፣ ከእስላሞቹ ግቢ ሥጋ ስታወርድ ታይተሃል።"

"የራሴን ነው ያወረድሁት።"

"የራስህ ሥጋ እዚያ ምን ሊሠራ ሄደ?"

"ሊደርቅ።"

"ቤትህ ፀሐይ የለም?"

"ፀሐይ አለ፤ ጢስ የለም።"

"ከእነሱ ሥጋ ጋር በአንድ ሽቦ ሰቅለሃል?"

"ሰቅያለሁ።"

"በአንድ ጢስ?"

"በአንድ ጢስ። ክሩ ግን ለየብቻ ነው፤ የእኔ ጥቁር፣ የእሷ ቀይ።"

"ጢሱንስ ክር አስረህበታል?" አለ አንድ ሽማግሌ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ በሳቅ ያለቀ መስሎኝ።

በዚያን ዘመን ሰው ተሰብስቦ ምን ያወራል ብሎ ቀበሌው ስለሚጠራጠር ማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ይይዝ ነበር። ጸሐፊው ጻፈ፤ "ያልኸውን ነው የጻፍሁት፣ ፈርም" አለኝ። ጣቴን አስነካሁ። ያን ቀን ጽዋው እኔን ዘልሎ አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ ማኅበር አልጠሩኝም። ለፋሲካ በሬ ሲገዛ ቢላዋዬን ስዬ ብመጣ፣ ሌላ ሰው ቢላዋ ይዞ ቆሟል። "አንተ ለጊዜው ቆይ" አሉኝ። ያ ሰው የሻኛውን ሥጋ እንደ እንጨት ፈለጠው፤ መደቡ አንዱ ተራራ አንዱ ሜዳ ሆነ፤ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። ደስ አለኝ። ደስታው ግን አልበረከተም፤ የተመደበልኝን ሥጋ ይዤ እንደ ማንም ሰው ወደ ቤቴ ሄድሁ።

መምሬ የነፍስ አባቴም ነበሩ። አልበላሁም ብዬ ብነግራቸው "ልጄ፣ በልቻለሁ ብለህ የፈረምህበት ወረቀት ተነቦልኛል" አሉኝ። ጸሐፊው ዘንድ ሄድሁ። ወረቀቱን አውጥቶ "ሰቅያለሁ ነው የሚለው፤ ይኸውልህ" ብሎ አነበበልኝ። አንድ ወረቀት ነው፤ ለእሳቸው ሌላ፣ ለእኔ ሌላ ይነበባል። ወረቀቱን ፊት ለፊት እያየሁት ማን እንደዋሸኝ አላውቅም። ከዚያ በላይ የተዋረድሁበት ቀን የለም።

መሠረተ ትምህርት በቀበሌው አዳራሽ ሲጀመር ከሰዓት በኋላ እየሄድሁ ከልጆቼ እኩዮች ጋር ሀ ሁ አልሁ። አንዳንዱ ለአብዮቱ ተማረ፣ አንዳንዱ ቀበሌውን ፈርቶ ተማረ። እኔ ለአንድ ወረቀት ተማርሁ። እንጨት ያደነደነው ጣት እርሳስ አይዝም፤ ሁለት ሦስቱን ሰብሬአለሁ። አስተማሪው "አባባ፣ ቀስ ይበሉ፣ ፊደሉ አያመልጥም" ይለኝ ነበር። ሐረሮቹ በመካከሉ ተዛውረው ሄዱ። ሴትዮዋ ስትሄድ በርሜሉን ሰጠችኝ። በእኔ ላይ የሆነውን ነግሬአት አላውቅም፤ በእሷ ምክንያት የሆነ መስሎ እንዲሰማት አልፈለግሁም።

በ1973 ክረምት ጸሐፊው ቤት ሄድሁ።

"ወረቀቱን አውጣልኝ።"

"ምን ያደርግልሃል?"

"ላነበው።"

"አንተ?"

አወጣው። በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ። "የእስላም ሥጋ መብላቱን በራሱ አንደበት ስላመነ" ይላል። ገና ጀማሪ ነኝና ተሳስቼ እንዳይሆን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ ጣቴን "መብላቱን" ላይ አድርጌ "ይህን አንብብልኝ" አልሁት።

ቃሉን አየና "ያኔ ሌላ ያነበብሁልህ እንዳይከፋህ ብዬ ነው። ከሰቀለ መብላቱ መቼ ይቀራል ብለን ነው እኮ። ሙሴው አሳጥረህ ጻፈው አለኝ" አለ።

ተንኮል ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሦስት ዓመት ከግማሽ የተቀጣሁት ለማሳጠር ነው።

ወረቀቱን ይዤ መምሬ ዘንድ ሄድሁ፤ ጸሐፊውም ከኋላዬ ተከተለ፣ ያለውንም በፊታቸው ደገመ። መምሬ አንብበው ሲጨርሱ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ።

"ለመሆኑ ይህ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?"

ነገርኋቸው። ስለ መቃው፣ ስለ ቀንዱ፣ ስለ እሾሁ እየደጋገሙ ጠየቁኝ። "ማኅበሩ ስትሠራ ይይ" አሉ። "ባላየው ነገር ነው የፈረደው።"

መስከረም 21 ማኅበሩን የመደገሱ ተራ የሙሴው ነበር። በሬው በሌላ ሰው እጅ ታረደ፤ እኔ በግቢው መካከል ተቀምጬ በሁሉም ፊት ሠራሁ። መጀመሪያ ርቀው ቆሙ፤ አንጀቱ ተገልብጦ ሲፋቅ አንድ እርምጃ ቀረቡ፤ ስነፋው ደግሞ ከበቡኝ። "ኧረ አየሩን ያዘ!" "ወዲያ በል፣ ጋረድኸኝ!" የሙሴው ሚስት ቀንዱን ከእጄ ነጠቀችኝ። "አንተማ ታፈሰዋለህ፤ እኔ ልያዘው፣ አንተ ግፋ።" ያሳጣችኝ ሴት ቀንድ ይዛልኝ ሞላሁ። ልስቅ ይሁን ልሳደብ አላወቅሁም።

በርሜሉን ሳቆም ግን መናገር ነበረብኝ። ከተደበቀ ነገ ደግሞ ሌላ ወረቀት ይጻፋል።

"ይህ በርሜል የሐረሯ ሴት ነው። የእነሱ ሥጋ ጤሶበታል።"

ሰዉ ከበርሜሉ ፈቀቅ አለ። ሙሴው "ይኸው! አላልሁም?" አለ።

መምሬ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ጠየቁ። "በሬውን ማን አረደው?"

"የእኛ ሰው።"

"በስመ አብ ብሎ?"

"ብሎ፤ ሁላችንም ሰምተናል።"

"እንግዲህ ጢሱን ማን አረደው?"

ወደ እኔም ዞረው "በርሜሉን በፈላ ውኃ እጠበውና ሥራህን ቀጥል" አሉኝ።

ቋሊማው ጤሶ፣ በሙሴው ግቢ፣ በሙሴው ዓይን ሥር አንድ ወር ደረቀ። በሚቀጥለው ማኅበር ተጠበሰ። መምሬ ባርከው ቀመሱ። ከእሳቸው በኋላ እጁን ቀድሞ የዘረጋው ያ በጢሱ ክር የቀለደብኝ ሽማግሌ ነው። ሙሴው መጨረሻ ላይ ትንሽ ቆርሶ አላመጠና "ጨው በዝቶበታል" አለ፤ ሁለተኛም ቆረሰ። እኔ በዝግታ አላመጥሁ። ቁንዶውን ቀንሼ ነበር። ኮረሪማው ከሁሉ ኋላ ጉሮሮዬ ሥር ቀረ፤ ብቻውን ቆየ።

ጸሐፊው አዲስ ቃለ ጉባኤ ጻፈና አቀረበልኝ። "ስጠኝ፣ ላንብበው" አልሁ። ሰዉ እስክጨርስ ጠበቀ። "ይቅርታ ተደርጎለት ወደ ማኅበሩ ተመልሷል፤ ቢላዋውም ተፈቅዶለታል" ይላል።

"አልፈርምም።"

"ምን ጎደለው ደግሞ?" አለ ሙሴው።

"ይቅርታ የሚደረገው ለበላ ሰው ነው።"

"ያው ተመለስህ አይደለም? ቢላዋህንም አገኘህ። ምን ልዩነት አለው?"

"ምንም ልዩነት ከሌለው እኔ ያልሁትን ጻፉት።"

ጸሐፊው ወደ ሙሴው፣ ሙሴው ወደ መምሬ ተመለከተ። መምሬ "ጻፈው" አሉ። ሙሴው "አሳጥረህ" ሊል አፉን ከፍቶ ዘጋው። ጸሐፊው "ይቅርታ ተደርጎለት" የሚለውን ብቻ ሰርዞ ከላዩ ጻፈ፤ እኔም ከመፈረሜ በፊት ጮክ ብዬ አነበብሁት፦ "ሰቅሏል እንጂ አልበላም። የተጻፈው ስሕተት ነበር።" ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ጥቅምት 21 ቀን 1974 ዓ.ም.።